የጸደንያ ሳል

ካሰች መቀነቷን ፈትታ አልጋው እግር ላይ ስታስቀምጠው ልጇ ጸደንያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መቀነቱ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለች። እናቷ ቀን ሥራ ስትውል፣ እሷም ወፍጮ ቤት ስትላክ፣ የታናሽ እህቷ የወይንእሸት ቁርጭምጭሚት ከአልጋው ጋር የሚታሰረው በእሱ ነው። ወይንእሸት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አእምሮዋ ቶሎ አይቀበልም፣ ቃልም አታወጣም። በሩ ክፍት ከሆነ ግን ከቢቸና ወጥታ የት እንደምትደርስ እግዜር ይወቀው።

"ነገ ሞጣ ካልተቀበሏት" አለች ካሰች፣ "ከሰኞ ጀምሮ አንቺም ሥራ ትገቢያለሽ። ብቻዬን አልቻልኩም።"

"እሷስ?"

ካሰች መቀነቱን አየችው።

ሞጣ እንደ ወይንእሸት ያሉ ልጆች የሚማሩበት አንድ ክፍል አለ። ማደሪያ አያስቸግርም፤ አክስታቸው ዘሪቱ እዚያው ሰፈር ናት። የሚያስቸግረው ሽንት ቤት ነው። መምህርት ራዲያ አንድ፣ ልጆቹ አሥራ አራት። ብቻዋን ገብታ የማትወጣ ልጅ አይቀበሉም፤ በየትኛው እጃቸው? የቀረውም አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ከወር በፊት ለምዝገባ ሲሄዱ መምህርቷ ነገሩን ለሰባት ከፋፍለው ወረቀት ላይ ለጸደንያ ጻፉላት። መግባት፣ ቀሚስ መሰብሰብ፣ ቱታ ማውረድ፣ መቀመጥ፣ ቱታ መሳብ፣ መውጣት፣ እጅ መታጠብ።

"ከመጨረሻው ጀምሪ" አሏት። "ስድስቱን አግዣት፣ እጇን ግን ራሷ ትታጠብ። እሱን ስትችል መውጣቱን ልቀቂላት። ከዚያ ቱታዋን።"

"ወደ ኋላ?"

"ወደ ኋላ። ሁልጊዜ የምትጨርሰው እሷ ትሆናለች። በጨረሰች ቁጥር የምትወደውን ስጫት። እርዳታሽን ደግሞ በየቀኑ ቀንሺ፤ መጀመሪያ እጅሽን፣ ቀጥሎ ድምፅሽን።"

ጸደንያ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው ይህችኑ እህቷን ልትጠብቅ ነው፤ ከወረቀቱ ግን አንድ ፊደል አላመለጣትም። ቢጨንቃት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ለአንድ መጨረስ አንድ ሽንብራ ቆሎ። እጇን አነሳች፣ ድምጿንም ቀነሰች፣ ወይንእሸትም ብቻዋን ገብታ ትወጣ ጀመር። ካሰች አንድ ቀን የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አይታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ካሰች መቀነቱን ባስቀመጠች ማግስት ሞጣ ሲደርሱ መምህርት ራዲያ ለጸደንያ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ አሳዩዋት። "እዚያ ተቀመጪ። እንዳትናገሪ፣ እንዳትጠጊ።"

ወይንእሸት ገባች። ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው ረዘመ፤ መምህርቷ ሰዓታቸውን አዩ። ጸደንያን ያን ጊዜ ጉሮሮዋን በላት፣ በዚያው ቅጽበት ገባት።

የእነሱ ሽንት ቤት በር የለውም፤ ማዳበሪያ ነው የተንጠለጠለበት። የሚጠጋ ሰው አስቀድሞ ያስላል፣ ውስጥ ያለው መልሶ ያስላል። ጸደንያም ወር ሙሉ ከማዳበሪያው ጀርባ "እህ" ስትል ነው የከረመችው፤ ወይንእሸት "እህ" ስትሰማ ወደሚቀጥለው ስታልፍ። እጇን ቀንሳለች፣ ድምጿን ቀንሳለች፣ ሳሏን ግን እንድትቀንስ ማን ነገራት?

አንዲት እህ ብቻ። ወይንእሸት ቱታዋን ሳብ አድርጋ ትወጣለች፣ ስሟም ይጻፋል። ግን ማክሰኞ ማን ያስልላታል? ረቡዕስ? ጸደንያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ወይንእሸት ቱታዋ ጉልበቷ ላይ እንደተሰበሰበ፣ እንደታሰረ በቅሎ እየተንፏቀቀች ወጣች። እህቷን ነው የምትፈልገው። ልጆቹ ሳቁ።

"ሳታስቢው ስታግዣት ነበር" አሉ መምህርቷ ሁሉን ሲሰሙ። "ስሙን ቢሮ የማስገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ቦታው የሌላ ልጅ ነው።"

"እስከዚያ ይድገሙልኝ ቲቸር።"

"እደግማለሁ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ግን ምን ታደርጊያለሽ?"

ምን ታደርጋለች? ከአጥሩ ጀርባ ወስዳት ተቀመጠችና መሬት መሬት እያየች አለቀሰች። "ጅል" አለች፣ ለራሷ ነው። ወይንእሸት ኪሷን ትጎትታለች፣ ሽንብራ ፍለጋ። ሳሉን ልትወስድባት አትችልም፤ አሁን ረፍዷል። እንግዲያው ትስጣት።

"እህ በይ።" የእህቷን ጣት ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። "እህ።"

ወይንእሸት ሳቀች። ቀጥላ አዛጋች። ቀጥላ ተፋች። ጸደንያ ለትንፋሽ ግማሽ ሽንብራ ሰጠች፣ ለጉሮሮ ድምፅ አንድ ሙሉ። ከዚያ ሻሿን እህቷ ጉልበት ላይ እንደ ቱታ ጠምጥማ፣ እህ እያስባለች ወደ ላይ አስጎተተቻት። እህ፣ ሳብ። እህ፣ ሳብ።

አንዲት ገበያተኛ ቆም አሉ። "ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ነው?"

"አይ እማማ፣ ጉንፋኑን ገና እያስተማርኳት ነው።"

ሴትዮዋ አማትበው ሄዱ። ሽንብራው እያለቀ ነው። ሦስት ጣሳ ውኃ አጠጣቻት፤ ሽንቷ ካልመጣ ፈተናም የለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ወይንእሸት ገባች። ጸጥ። ጸደንያ ዛፉ ሥር ሆና ቅርፊቱን በጥፍሯ ትልጣለች። ጸጥ። የእናቷ መቀነት ዓይኗ ላይ መጣ። መምህርት ራዲያ ደብተራቸውን ከደኑና ተነሱ።

"እህ።"

ከውስጥ ነው። ቀጭን፣ የዶሮ ጫጩት የመሰለ።

ወይንእሸት ወጣች። ቱታዋ ወገቧ ላይ ነው፤ የቀሚሷ ግማሽ ውስጥ ገብቷል እንጂ። ቧንቧውን አልፋው ሄደች። ከዚያ ቆመች፣ "እህ" አለች፣ ተመልሳ እጇን ታጠበች።

መምህርቷ ወደ ጸደንያ ዞሩ። "ይሄ ሳል…"

"ማሳል ክልክል ነው እንዴ ቲቸር? የራሷ ነው።"

ደብተሩን ገለጡና ጻፉ። "ሰኞ ሁለት ሰዓት። እንዳታረፍዱ።"

ወይንእሸት መጥታ እርጥብ መዳፏን ዘረጋች። ጸደንያ ኪሷን ዳበሰች፤ ባዶ ነው። የመጨረሻዋን ሽንብራ፣ ዛፉ ሥር ሲጨንቃት፣ ራሷ በልታታለች።

ወይንእሸት መዳፏን አላጠፈችም። ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ እህቷን ትክ ብላ አየቻትና፦

"እህ" አለቻት።