እንብላ፣ ኸር ዙተር!

የወይንሐረግ ያን ሐሙስ ጠዋት ከምትኖርባት ከቨርሷ ከተማ ባቡር ስትሳፈር በአንድ እጇ ላፕቶፗን፣ በሌላው ደግሞ ባሏ ሀብተሥላሴ የጋገረውን ድፎ ዳቦ ይዛ ነበር። ዳቦውን ወድዳ አልያዘችውም። «ሰውየው ሊገመግመኝ እየመጣ ዳቦ ታቅፌ ልግባ? ጉድ እኮ ነው!» ብትለው ማን ሰምቷት! ሀብተሥላሴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከኩሽና የሚያስወጣው ጠፍቷል። «ካለፍሽ ከተማሪዎችሽ ጋር ትበዪዋለሽ፤ ካላለፍሽ ደግሞ እኔ አለሁ» ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ አስታቀፋት።

ነገሩ ግን የሚቀለድበት አልነበረም። የወይንሐረግ ዲፕሎማቶች በሚበዙባት የስዊዘርላንድ ከተማ፣ ግራንድ ሳኮኔ ውስጥ፣ ከትልቁ የኤግዚቢሽን ማዕከል አጠገብ ባለ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ለሰባት ቻይናውያን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የትምህርት ቤቱ አለቆች ዙሪክ ናቸው። ከዚያ የመጣላት መልእክት አጭርና ቀዝቃዛ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሦስት ወር ሙሉ ተምረው አፋቸውን አልከፈቱም፤ ምናልባት አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ መምህር ሳይሻላቸው አይቀርም፤ ኸር ዙተር፣ በእኛ አቶ ዙተር፣ የሚባሉ ኃላፊ ሐሙስ መጥተው ክፍሉን ያያሉ። ካልተናገሩ ለንደን ያለ አንድ ወጣት በቪዲዮ ያስተምራቸዋል።

ለንደን ያለ ወጣት! ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ። አዲስ አበባ ሳለች ከአንድ ጎዳና ወደ ሌላው ስትሻገር «ቲቸር! ቲቸር!» ሳይላት የሚያልፍ ልጅ አልነበረም። ስዊዘርላንድ ከገባች በኋላ ግን ዲፕሎማዋን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ፤ ጉልምስናዋን ዙሪክ አጠገብ፣ ሽሊረን በምትባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ፈጀችው። እዚያ ደግሞ ስሟም አልነበረም፤ «ሄይ» ነበረች። ልጆቿ ከሚሆኑ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደገና ተምራ፣ ይህን ክፍል ያገኘችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። ደሞዙማ ከእጅ ወደ አፍ ነው። የምትሳሳው ለዚያች «ቲቸር» ለምትባል ስም ነው። እሷን ደግሞ ሁለተኛ ሊቀሟት ነው እንዴ?

ለዕለቱ የመረጠችው ቃል «ካምፓኒ» ነበር። ሰባቱም ካምፓኒ ውስጥ ስለሚሠሩ ቃሉን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ደሞዝ የሚከፍላቸውን ድርጅት ብቻ ነው። እሷ፣ ቤት የመጣ እንግዳም ካምፓኒ እንደሚባል፣ የወታደር ጭፍራም፣ ዝም ብሎ አብሮ መሆንም እንደዚያው እንደሚባል ልታሳያቸው፣ ስንት ማታ የደከመችበትን ባለቀለም ስላይድ ግድግዳው ላይ አበራች።

«‹ዛሬ ማታ ካምፓኒ አለኝ› ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሰባቱም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ወደ ሚስተር ሊዩ ዞረች። ሚስተር ሊዩ የባትሪ መሐንዲስ ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። እርሳሱን በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ አለ፣ ጎንበስ አለ፣ በቃ። ከእሱ እስካሁን የሰማችው «ጉድ ሞርኒንግ» ብቻ ነው። ሰነፎች አይደሉም እኮ! የቤት ሥራቸውን አንዲት ነጥብ ሳይስቱ ያመጣሉ። ሰው ፊት መሳሳት ነው የሚገላቸው፤ ዛሬ ደግሞ ገምጋሚ እንደሚመጣ ሰምተው እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። የወይንሐረግ ለእነሱም ለራሷም አዘነች።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ኸር ዙተር ነበሩ። ባቡራቸው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ለትምህርቱ ላይደርሱ ይችላሉ። የስዊዝ ባቡር! አንድ ቀን ቢዘገይ፣ እሱም በእሷ ቀን!

«አይመጡም» አለቻቸው ለተማሪዎቹ። ሰባት ትከሻ ባንድ ጊዜ ወረደ። ሜይ የምትባለው ወጣት ይሄኔ ነው ውኃዋን ለመቅዳት የወጣችው፤ እስካሁን ያንንም ፈርታ ነበር።

የወይንሐረግ ተናዳለች፣ ቁርስም አልበላችም፤ የዳቦው ሽታ ደግሞ ክፍሉን ሞልቶታል። በሩ ላይ መብላት ክልክል እንደሆነ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ተለጥፏል። «ክልከላው ገደል ይግባ!» አለች በአማርኛ። ስላይዱን አጠፋች፣ ፎጣውን ፈታች፣ ዳቦውን በእጇ እየቆረሰች አደለቻቸው። ጥቁር አዝሙዱን እያሸተቱ ጎረሱ።

ሜይ ስትመለስ የወይንሐረግ አፏ ሙሉ ነበር። በሩ ሲከፈት ልማድ ሆኖባት፣ ቋንቋውንም ቦታውንም ረስታ፣ «እንብላ!» አለች።

ሁሉም ቀና አሉ። «ቲቸር፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች ሜይ።

«እኛ አገር» አለች የወይንሐረግ፣ «እየበላህ ሰው ከመጣ ‹እንብላ› ሳትለው አትቀጥልም። ብታውቀው ባታውቀው፣ ቢበላ ባይበላ፣ ትለዋለህ። ካላልከው ነውር ነው።»

«እንብላ» አሉ እየተሳሳቁ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀባበሉ። የሚሳሳቱት ማንም በማይታዘባቸው ቋንቋ ነበርና ደፈሩ።

የወይንሐረግ ይህን ስታይ ዳቦውን ከፍ አድርጋ ያዘች። «ካምፓኒ ማለት ይኸው ነው! ቃሉ ከጥንት ላቲን የመጣ ነው። ፊተኛው ‹አብሮ› ነው፣ ኋለኛው ‹ዳቦ›። አብረው ዳቦ የሚበሉ ሰዎች። እንግዳህም፣ ጭፍራህም፣ ድርጅትህም ከዚያው ነው የወጡት። እኛም ጓደኛን ‹ባልንጀራ› እንለዋለን፤ እንጀራ የተጋራህ ሰው።»

ያን ጊዜ ሚስተር ሊዩ እርሳሱን አስቀመጠ። ከወንበሩ ተነሣ! የወይንሐረግ መጉረሷን ረሳችው።

«እኛም» አለ ሚስተር ሊዩ። ፊቱ ቀላ። «እኛም አለን። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ወታደር ዐሥር። እሳት አንድ። ድስት አንድ። የእሳት ጓደኛ። ሁዎባን።» እጆቹን እሳት የሚሞቅ ሰው አስመስሎ ዘረጋ። «ዛሬ ቢሮ ውስጥ የሥራ ጓደኛን ‹ሁዎባን› እንላለን። እሳቱን ረስተናል።»

ሜይ አላስጨረሰችውም። የለም፣ አያቴ አልረሳችም፣ ሰላም ስትል እንኳ ‹በላሽ ወይ?› ነው የምትለው፣ አለች። ሌላው እኔ ደግሞ አለ። ሌላኛው የካምፓኒያችን አለቃ ምሳውን ብቻውን ስለሚበላ እሱ ካምፓኒ አይደለም አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግሡ ተሰባብሯል፣ ኃላፊ ጊዜው ከትንቢቱ ጋር ተደባልቋል፤ ይሁን! እያወሩ ነው! እየተሻሙ ነው የሚያወሩት!

በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርቱን በክንዱ ያንጠለጠለ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ገባ። ኸር ዙተር ነበሩ።

የወይንሐረግ ክፍሉን ቃኘች። ስላይድ የለ፣ ጠረጴዛው ፍርፋሪ፣ እሷ ራሷ ጉንጯ እንዳበጠ። ኸር ዙተር ዳቦውን አዩ፤ ዞር ብለው በሩ ላይ የተለጠፈውን ክልከላ አዩ። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ፤ ይኸው «ሄይ» ልሆን ነው። ልትናገር ብትሞክር ዳቦው አላናግር አላት።

እንግዲህ ሰው እየበሉ ሳለ ገብቷል። ምን እንደሚባል ደግሞ አሁን ተምረዋል። ሰባቱም፣ ከሚስተር ሊዩ ጀምሮ፣ ባንድ ድምፅ፦

«እንብላ!»

ኸር ዙተር ባሉበት ቆሙ። «ይቅርታ፣ ምን?»

ሚስተር ሊዩ ከዳቦው ወፍራሙን ቆርሶ ሄዶ በእጃቸው አስያዛቸው። «ይቀመጡ» አላቸው በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳያደናቅፈው። «ሰው ሲመጣ ብቻችንን አንበላም። እርስዎ የእኛ ካምፓኒ ነዎት።»

ሰውየው ከዙሪክ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ኖሯል። ክልከላውን አንዴ ደግመው አዩትና ተቀመጡ፣ ገመጡ። ከዚያማ ማን ይልቀቃቸው! ሜይ ላቲኑን ነገረቻቸው፣ ሊዩ እሳቱን፣ ሌላው ባልንጀራን። ኸር ዙተር ጥያቄ ሊጠይቁ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንዱ ይቀድማቸዋል። የወይንሐረግ ጥግ ቆማ እንባዋን በፎጣው ጫፍ ጠረገች። ዕድሜ ልኳን እንዲህ አንጀቷ ርሶ አያውቅም።

ሲወጡ ኸር ዙተር በር ላይ ቆም አሉ። «ተማሪዎቹ አይናገሩም ነበር የተባልኩት።»

«አሁን ደግሞ ዝም የሚያሰኛቸው ይፈለግላቸው» አለች የወይንሐረግ።

ሳቁ። «ክፍሉ የእርስዎ ነው። ዙሪክ አጠገብም እንደዚህ ድዳ የሆነ ክፍል አለን፤ ሽሊረን። ማክሰኞ ማክሰኞ ቢመጡልን? ቲኬቱን እኛ እንችላለን።» እጃቸውን ዘረጉ። «ደግሞ ዳቦውን አይርሱት፣ ቲቸር።»

ሽሊረን! ካርቶን ስታሽግ የኖረችበት! አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስትደርስ ለሀብተሥላሴ ደወለች።

«እህሳ፣ አለፍሽ?»

«አንተ ሰው፣ ዳቦህ አለቀ።»

«ሙሉው? ለእኔ ቁራሽ እንኳ?»

«ፍርፋሪም የለ! ለማክሰኞ ሌላ ጋግር። ሽሊረን ላስተምር ነው፤ ቲቸር ሆኜ ልገባባት ነው፣ ሀብቴ!» አለችና፣ ከረባት ያሰሩ ዲፕሎማቶች አጠገቧ አውቶቡስ እየጠበቁ ሳሉ፣ ስልኩን እንደያዘች እልልታዋን ለቀቀችው።