ያልተጻፉት አሥራ ሁለት ሜዠሮች

የፌስቲቫሉ ፎርም ላይ አባቴን ያሳቀው አንድ መስመር ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲ በሕይወት መኖሩን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ፌስቲቫሉ የሚያቀርበው በሕይወት ያሉ ደራሲዎችን አዳዲስ ሥራዎች ብቻ ነው። የሞቱት የሚጫወትላቸው አላጡም ይላሉ አዘጋጇ። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማንን ሊከሱ ነው አለና ፈረመ።

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምሯል። ከሥራ መልስ የምግብ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ የጻፋቸው ሥራዎች አንድ ቁም ሣጥን ሞልተዋል፤ አንዱንም ግን ሰው ሲጫወተው ሰምቶ አያውቅም። ይህ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈው ሲመረጥለት፣ አብራው የምትኖረው አክስቴ «ዘግይቶ የመጣ ሙሽራ» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትቀልድበት ከረመች።

እኔ ኖታ ገልባጭ ነኝ። ደራሲው በእጁ የጻፈውን ተቀብዬ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ገጽ አዘጋጃለሁ። የአባቴንም የገለበጥኩት እኔው ነኝ። ሦስተኛው ክፍል መሐል ላይ አሥራ ሁለት ሜዠር፣ ማለትም አሥራ ሁለት የምት ክፍል፣ ባዶ ትቶ፣ ከላዩ በእርሳስ «የእሷ» ብሎ ጽፏል። እናቴን ማለቱ ነው። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት ይላል አባቴ። ዓይን አፋር ነበረች፤ ሰው ሲመጣ ታቆማለች። እኔም ስመጣ ታቆም ነበር። ከአባቴ በቀር የሰማት የለም።

አንድ እሑድ ደወለልኝ። ዜማው ሙሉ በሙሉ መጥቶልኛል፣ ላንጎራጉርልሽና ጻፊው አለኝ። የሌላ ደራሲ ሥራ ለማግስቱ ላስረክብ ተጣድፌ ነበር። ደግሞም በእኛ ሙያ ገልባጭ የሰማውን አይጽፍም፤ ጆሮው የራሱን ይጨምራልና። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

«አባዬ፣ ጽፈህ አምጣልኝ። የተንጎራጎረ አልገለብጥም» አልኩት።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለና ሣቀ። «አስተማሪሽ ማን ይሆን?»

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ስትሮክ ነበር። ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወሰደበት። ሊያንጎራጉር ሲሞክር ድምፁ ይወጣል፣ ግን ከፍም ዝቅም አይልም፤ አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራል።

ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲመለስ ለፌስቲቫሉ አሥራ አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ትንሽ ኪቦርድ ይዤ ሄድኩና አልጋው አጠገብ ዘረጋሁ። ምቱን በግራ እጁ የአልጋውን ብረት እየመታ ሰጠኝ፤ በአንድ ቀን ጻፍኩት። የቸገረኝ የዜማው አወጣጥና አወራረድ ነው። አንድ ቁልፍ እነካለሁ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አይደለም ይለኛል። ሌላ እነካለሁ። አራተኛውን ስናገኝ፣ የጻፍኳቸውን የመጀመሪያዎቹን መልሶ አይደለም ይለኛል። ላብ ያጠምቀዋል። አክስቴ በር ላይ ቆማ፣ እንዲህ ያለ ምርመራ ፖሊስም ቤት የለም አለች፤ ግን ፎጣ አርጥባ አመጣችልኝ።

በዚያው ሰሞን አዘጋጇ ደውለው ስለ ጤንነቱ ጠየቁኝ። ምን ለማወቅ እንደፈለጉ ገባኝ፤ በሕይወት አለ አልኳቸው። አፈሩና ይቅርታ ጠየቁ። ባዶዎቹን ሜዠሮች ተጫዋቾቹ በዝምታ ሊያልፏቸው እንደሚችሉ፣ ዝምታ ለፌስቲቫሉ ታዳሚ እንግዳ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ለአባቴ ስነግረው ግራ እጁን አንሥቶ ብረቱን መታ። ዝምታ አልፈለገም።

በዘጠነኛው ቀን አሥራ ሁለቱንም ሜዠር ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በዚያችው ሰዓት የእናቴ ዜማ መሆኑን ጽፌ ለሙዚቀኞቹ ላክሁት።

አክስቴ ስትሸኘኝ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያንን ንቅነቃ እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ሾርባው ጨው ሲበዛበትም እንደዚያ ነው የሚያደርግልኝ።»

አምስት ቀን ቀርቶ ነበር፣ ተመልሼም መግባት እችል ነበር። አልገባሁም። እንደገና ቁልፍ ለቁልፍ ላሠቃየው አልቻልኩም፤ ወይም እውነቱን ለመስማት ፈራሁ። እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎለት የፊት ረድፍ ጥግ ተቀመጠ። እኔና አክስቴ ግራና ቀኙን ያዝን። ሙዚቃው ሲጀምር አፉ ተከፈተ። ጠረጴዛ ላይ ብቻ ያውቀው የነበረ ሥራ በእንጨትና በአውታር እየተሰማ ነበር፤ እንባው ሲወርድ አልጠረገውም።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። መድረኩን ትቼ እሱን አየሁ። ጣቱ የወንበሩን ክንድ ይመታል፤ ምቱ አንድም አልሳተም። አገጩ ግን ሌላ ዜማ ይከተል ነበር። ቼሎው ሲወጣ አገጩ ወረደ፤ ቫዮሊኑ ሲወርድ እሱ ቀና አለ፣ እዚያው ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ልይዘው ሞከርኩ፤ ሦስት ኖታ ያህል ያገኘሁ መሰለኝ። ሌላው አለፈ።

ጭብጨባው ረዘመ። ደራሲው ተነሥቶ እጅ መንሣት ሲኖርበት፣ አራቱ ሙዚቀኞች ከመድረክ ወርደው እፊቱ ቆመው እጅ ነሡት። ሰዉ መውጣት ሲጀምር ወጣቱ ቪዮላ ተጫዋች ቀርቦ እነዚያ አሥራ ሁለት ሜዠሮች እንቅልፍ እንደነሡት ነገረኝ።

«እናትሽ እንዲህ ነበር የምታንጎራጉረው?»

አባቴ ከሥር ሆኖ ፊቴን ይመለከት ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

ወጣቱ የአባቴን ጉልበት ስሞ ሄደ።

ታክሲው ውስጥ አባቴ እጄን ፈልጎ ያዘና መዳፌን በአውራ ጣቱ ይመታ ጀመር። ከዚያ ያቺን ከፍ ዝቅ የማትል ድምፁን አወጣ። አክስቴ ልታነጋግረው ስትል ዝም በይ አልኳት። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋልን። አባቴ የእናቴን ዜማ በአንድ ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንጎራጎረልኝ፣ ሲጨርስም ደገመው። ቦርሳዬ ውስጥ ወረቀትም እርሳስም ነበር። ዝም ብዬ ሰማሁት።