ስም የሚለየው ማሽን

ታደገን ጉድ የሠራው አጉል ይሉኝታ ነው። እሱ ራሱ “ቸኩዬ ነው” ይላል፤ ምን ቸኩሎ! ይሉኝታ ነው እንጂ።

በፈረንጅ ዘጠና ሰባት ላይ ነው። ጋሼ አባይነህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፉትሂልስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ከመጋዘን በላይ ያለች ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ ሒሳብ ይሠሩ ነበር። አለቃቸው ግሬግ አንጎላ ላይ ለሚሠራ የነዳጅ ድርጅት፣ የፖርቱጋልኛ ጋዜጣ አንብቦ የሰው ስም የሚለቅም ፕሮግራም ሊሠራ ተዋዋለ። “የአገሬ ልጅ አለ። ኮምፒውተር ኩባ ነው የተማረው፤ ፖርቱጋልኛውን እዚያው ከአንጎላ ተማሪዎች ጋር አብሮ እየኖረ ለመደው” ብለው ጋሼ አባይነህ አፋቸውን ሞልተው ዋስ ሆኑ። የታደገ የሥራ ፈቃድ፣ ወርክ ፐርሚቱ፣ ከዚያች ኩባንያ ጋር ታሰረ። ከለቀቀ ካናዳም አበቃለት።

ፕሮግራሙ ግን እምቢ አለ። ሳንቶስ ሰውም ነው፣ ከተማም ነው። ፔሬራ ሰውም ነው፣ የፍሬ ዛፍም ነው። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ከመጣ ደግሞ ዛፉም እንደ ሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ታዲያ ማሽኑ በምን ይለየው? ታደገ ሕግ በሕግ ላይ ቢደርብም፣ ዛፉን አቶ፣ አቶውን ዛፍ እያደረገ አስቸገረው።

ፕሮግራሙ ለደንበኛው ተሠርቶ በሚታይበት ቀን፣ በዲሞው፣ የሚቀርበው ጋዜጣ ቀደም ብሎ ተላከ። ያኔ “አልሠራልኝም” ማለት ነበረበት። ጋሼ አባይነህ ግን ለዲሞው አዲስ ከረባት ገዝተዋል! እንዴት አድርጎ ያዋርዳቸው? ጋዜጣውን ራሱ አነበበና፣ እያንዳንዱ ስም ምን እንደሆነ በእጁ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተ። በዲሞው ቀን ማሽኑ አንድም ሳይስት ለቀመ። ግሬግ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በየሳምንቱ ጋዜጣ ይመጣል፤ ታደገ በሩን ዘግቶ ያነባል፣ ይከትታል፤ ማሽኑ ይመሰገናል። ቴምፕል የሚባል ሰፈር ካለው ምድር ቤት ክፍሉ ሲገባ እህል አይወርድለትም። “ዛሬ ነገ ይነቁብኛል” እያለ ከሳ።

አንድ ሰኞ ቆረጠ። “እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ!” ብሎ የግሬግን በር አንኳኳ። ጋሼ አባይነህ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ታድ!” አለ ግሬግ ብድግ ብሎ። “ደንበኛው አብዷል በደስታ! ከእንግዲህ ጋዜጣው በየቀኑ ነው የሚመጣው። አምስት ዓመት ፈርመናል። ፐርሚትህንም አሳድሳለሁ።”

“ግሬግ፣ ፕሮግራሙ...” አለ ታደገ። “ፕሮግራሙ እኮ...”

“አውቃለሁ፣ ካላንተ አይሆንም!” ግሬግ ሳቀ። “ማንም አይነካብህም።”

ጋሼ አባይነህ ተነሥተው የታደገን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙት።

“አላሳፈርከኝም፣ ልጄ። ከዚህ ወንበር አይንቀልህ! ዕድሜ ልክህን እዚሁ ያጽናህ!”

ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም። ታደገ አንገቱን ደፋ።

“አሜን” አለ።