ከጫፉ የተቀመሰ ቃሪያ

አባቷ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ አሥራ አንድ ቀናቸው ነው። ዛሬ ሐኪሙ በአፋቸው እንዲበሉ ፈቀደ። «ለስላሳ ይሁን፤ የሚያቃጥል ነገር ግን ጠብታ እንዳይነካቸው፤ ቁስሉ ገና ነው» አለ። ድምፃቸው ይመለስ አይመለስ እሱም አያውቅም።

አደራውን የተቀበለችው ደግሞ ማን ሆነችና! በፋብሪካ ምግብ ቤት ሃያ ዓመት ያበሰለች፣ አረንጓዴ ቃሪያ እንደ ዳቦ ስለምትገምጥ ሠራተኛው ሁሉ «እሳት ጎራሽ» የሚላት ሴት።

አባቷ የሚወዱት ቀዩን የፈረንጅ ቃሪያ ነው። ደህና ሳሉ ሩዝ ሞልታ ትጋግርላቸው፣ ከእንቁላል ጋር ትጠብስላቸው ነበር። ዛሬ ስምንቱን ቆዳቸው እስኪጠቁር ምድጃ ላይ ለበለበቻቸው፣ ድስት ውስጥ አፍና ላጠቻቸው፣ ከድንች ጋር ፈጭታ ሾርባ አደረገቻቸው። እያንዳንዱን ከጫፉ ቆርሳ ቀምሳለች። ሁሉም ጣፋጭ ናቸው።

ጭንቁ የመጣው ልጣጩን ስትጥል ነው። ከስምንቱ አንዱ ሾጠጥ ያለ እንደነበር ትዝ አላት። ሻጯ የሚያቃጥለውንና የማያቃጥለውን ጎን ለጎን ነው የምትደረድረው! ቃሪያ ደግሞ ተንኮሉን የሚደብቀው ከአንገቱ እንጂ ከጫፉ አይደለም። ይህን የማያውቅ አብሳይ የለም፤ እሷ ግን በጥድፊያ ዘነጋችው። ሾርባውን ደግማ ቀመሰች። ምንም። በዚያ ምላስ ግን ማን ይመሰክራል?

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጣቷን ሾርባው ውስጥ ነክራ ዓይኗን ቀባችው። ዓይኗ አላቃጠላትም፤ እሷ ግን ዓይኗንም አላመነችም። ሌላ ላብስል እንዳትል የጥየቃ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ሾርባውን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

አባቷ ገና ሽታው ሲደርሳቸው አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ማንኪያ ዋጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ሳህኑን ነጠቀቻቸው። «አባባ! አቃጠለዎት? ነርስ! ኧረ የሰው ያለህ!»

እጇን ያዝ አደረጓት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጉሮሯቸው ሁለቴ ሦስቴ ታገለ፣ ከዚያ የሻከረ ድምፅ ወጣ።

«ጨው… የለውም።»

ነርሷ እየሮጠች ገብታ «ምን አጎረስሻቸው?» ብትላት፣ እሳት ጎራሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንሰቅስቃ እያለቀሰች ነው። «ስሚያቸው፣ እስቲ ስሚያቸው» እያለች በማንኪያው አባቷን ታሳያለች።