ኤጀታ ስለ ልጁ የተናገረው

ኤጀታ አፍ የሚያስከፍት ልጅ ወልዶ፣ እንዳልወለደ መምሰል የሚችልበት ሰው ነው። ልጁ ናፍያድ ቤዝቦል ሲወረውር፣ በሚኖሩባት የሚኒሶታ ከተማ በክሪስታል ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አባትየው ግን «እንዴት ነው ልጅህ?» ሲሉት «ኧረ ተወው፣ ምን አለው ብለህ ነው» ይላል። ለእሱ ጨዋነት ማለት ይህ ነው። አባት ልጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰሚው ደግሞ «ኧረ በፍጹም፣ ምን የመሰለ ልጅ!» ብሎ ያነሳዋል። አባት ራሱ ካወደሰማ ነውር ነው፤ ልጁንም ለሰው ዓይን ማጋለጥ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፕሊማውዝ ሜዳ የመጣው ሰውዬ ይህን ከየት ይወቀው? ዴል ይባላል፤ ለትልቁ ሊግ ተጫዋች ለሚያበስለው ለማይነር ሊግ ወርዋሪ ሊመለምል ነው የመጣው። ለናፍያድ የኮሌጁ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ዛሬ ካልተመረጠ ጓንቱን ሰቅሎ ሥራ መፈለግ ነው። ኤጀታ ከፎርት ስኔሊንግ ሺፍቱን ጨርሶ፣ የሻትል አውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ነበር በርሮ የደረሰው።

ናፍያድ ሲወረውር የዴል የፍጥነት መለኪያ በሰዓት ዘጠና አራት ማይል አነበበ። ሦስት መቺዎች ተራ በተራ ኳሷን ስተው ዱላቸውን አየር ላይ አወናጭፈው ተመለሱና ጨዋታው አበቃ። የኤጀታ ልብ ልትፈነዳ ደረሰች፣ ፊቱ ግን ወይ ፍንክች።

«አባቱ ነህ አሉኝ» አለው ዴል ጠጋ ብሎ። «ክንዱን አይቻለሁ፤ ጠባዩን ንገረኝ። ይለፋል?»

«እሱ? ሰነፍ ነው» አለ ኤጀታ። «ካልቀሰቀሱት አይነሳም። ገና ብዙ ይቀረዋል።» ከዚያ «ኧረ በፍጹም» እስኪባል ጠበቀ።

ዴል አመስግኖት ጻፈ። ደብተሩን ዘጋና ወደ መኪናው ሄደ።

«ምን አልከው?» አለች ሚስቱ ኢሊሊ።

«ያው… የሚባለውን።»

«አንተ ሰው፣ የነገርከውን እኮ ነው የጻፈው! ተነስና ተከተለው።»

ኤጀታ በዚያ ቦርጩ ሮጠ። ዴል ሞተር ሊያስነሳ ሲል ደርሶ መስኮቱን አንኳኳ። ምላሱ ግን እምቢ አለችው። እንግሊዝኛ አጥሮት አይደለም፤ ልጁን በገዛ አፉ አወድሶ አያውቅማ። በመጨረሻ የወለገደ ግራ አውራ ጣቱን ዘረጋ።

«ይህን የሰበረው እሱ ነው» አለ። «ስድስት ዊንተር፣ በረዶው እስኪያልፍ፣ ጋራዣችን ውስጥ እሱ ሲወረውር እኔ ስቀልብ ነው የኖርነው። በየጠዋቱ እኔን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ሰነፍ ያልኩህ ውሸቴን ነው። በእኛ ወግ እንዲህ ስልህ እሱን ማወደስ ያንተ ተራ ነበር።»

ዴል ትክ ብሎ አየው። «አሥራ ስምንት ዓመት ስመለምል ልጁን ሰነፍ ያለኝ አባት አንተ ብቻ ነህ። ለዚህ እኮ ነው ያመንኩህ።» ደብተሩን ገለጠ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጎበዝ ነው ብለህ ጻፍ። እንደ እሱ የሚለፋ ሰው አላየሁም። ኮርቼበታለሁ።»

ዴል የጻፈውን ሰረዘና ስልክ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ አቀበለው። «ሰኞ ይደውልልኝ። ለሙከራ እወስደዋለሁ።»

ኤጀታ ዞር ሲል ናፍያድ ቦርሳውን እንዳነገበ ከኋላው ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ካርዱን ሲሰጠው ልጁ ካርዱን አላየም፤ አባቱን ነበር የሚያየው።

«ዳድ» አለው በእንግሊዝኛ፣ «ስለ እኔ ለሰው የምትለው ሁሉ እስከ ዛሬ እውነትህን ይመስለኝ ነበር።»

ኤጀታ ክው አለ። ይህን ወግ ሚኒሶታ ተወልዶ ላደገ ልጅ ማን አስረድቶት ያውቃል? የልጁን ፊት በሁለት እጁ ያዘ። ሰው አለ የለም ብሎ ግራ ቀኝ አላየም።

«ኮርቼብሃለሁ» አለው። «ድሮም፣ በየቀኑ።»