ቀዩ ሚስማር የማን ነው?

ግትሬ የመጀመሪያውን ቀይ ሚስማር ስትመታ ቦዩ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ወሬው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን አዳረሰው። ከተማው ለዚያ ቦይ ጆሮውን አቁሞ ከርሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ ውሃው ይለካል፣ ነፋሱ ይጠናል፣ በአካባቢው ስንት ሰው እንደሚኖር ይታያል። ከዚያ መሬቱ ራሱ ይጠየቃል። መሬት ደግሞ ላይ ላዩን ቢጠይቁት አይመልስም፣ ሆዱን መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ በስካቫተር ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ረጅም ቦይ ይቆፈርና ጂኦሎጂስቶች ተንበርክከው የግድግዳውን ንብርብር አንድ በአንድ ያነቡታል። ንብርብሩ ሳይቋረጥ ባለፈበት ነጭ ሚስማር ይመታል። ምድር አንድ ቀን ተንቀሳቅሳ ቆርጣ በጣለችው ቦታ ላይ ግን ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሚስማር ይገባል።

የዚህ ሙያ ሰዎች የትም ያልተጻፈ አንድ ሕግ አላቸው። ቀይ ሚስማር ባለቤት አለው፤ የሚነቅለውም የመታው ብቻ ነው። ቦታውን የሚያጸድቁት ገምጋሚዎች ሲመጡ ጣታቸውን ወደ ሚስማሩ ቀስረው «የማን ነው?» ይላሉ። የመታው ሰው «የኔ ነው» ብሎ ወጥቶ ይከራከራል፣ ወይም ተሳስቻለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይነቅላል። «የኔ ነው» የሚል ከጠፋ ሚስማሩ እንደሌለ ይቆጠራል።

ግትሬ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። በልጅነቷ አንዴ እምቢ ካለች እሷን ከማሳመን አህያ ዛፍ ላይ ማውጣት ይቀል ነበርና «ግትር» ትላት ጀመር፤ እያደር ፍቅር ገባበትና ግትሬ ሆነ። መሥሪያ ቤትም ሰምቶ ወረሰው። ለዚህ ቦታ ጂኦሎጂስት ሆና የተመደበችው ግን በግትርነቷ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ሞኝ አለቃ የለም። የከተማው ልጅ ስለሆነች ነው። «ሕዝብ የራሱን ልጅ ያምናል» አለ የፕሮጀክቱ ኃላፊ፤ አመነበትና አመጣት።

ከተማው ማመንጫውን እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠብቀው። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ጉልበት ያለው ሁሉ ተሰዷል። የእህቷ ባል በያጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞር ልጆቹ ድምፁን እንጂ ፊቱን አያውቁም። ማመንጫው ከመጣ ግን ቤቱ እያደረ እዚሁ ይሠራል። እህትየው ይህን ተስፋ አድርጋ ከቤታቸው ላይ ፎቅ አድርጋ ሁለት ክፍል ጀምራለች፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ይቀራል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ግን ማን ይፈርድባቸዋል? ሳሩ ለምለም ነበር፣ ገደሉ ደግሞ ከአፈር በታች ነው።

ኃላፊው ወሬውን እንደሰማ መጣና ከቦዩ አፍ ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ ያ ቀይ ነገር ምንድነው?»

«ስብራት ነው፣ ኢንጂነር።»

«መንሸራተት ነው በይኝ። ዝናብ ሲበዛ አፈር ይንሸራተታል።»

«የሚንሸራተት አፈር አለት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይሄ አለቱንም ቆርጦታል። ይውረዱና ይዩት።»

አልወረደም። ጫማው አዲስ ነበር።

«ስንት ወረደ?»

«አንድ ስንዝር።»

ኃላፊው ከልቡ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ኮንክሪት ሲያስሞላ የኖረ ሰው ነው፤ ለእሱ ስንጥቅ ማለት በልስን ላይ የሚወጣ፣ ፍቀው የሚደፍኑት ነገር ነው። «ለአንድ ስንዝር ነው እንዴ! መሠረቱን እናወፍራለን፣ ብረት እንጨምራለን።»

«መንቀጥቀጡን ብረት ይችለው ይሆናል። መሬቱ ከሥሩ ለሁለት ሲሄድስ? ብረቱ ከየትኛው ወገን ጋር ይሂድ?»

ሳቁ ጠፋ። «ስሚኝ ልጄ፣ ማንም አያስገድድሽም። የመታው ይነቅላል፣ ሕጉን አውቃለሁ። ግን ይሄ ቦታ ከቀረ ተለዋጩ ቦታ የሁለት ቀን መንገድ ነው። የከተማሽ ሰው እንጀራውን ማን እንደነጠቀው ማወቁ አይቀርም።»

አለመቅረቱን ደግሞ ለከተማው ራሱ ነግሮ አረጋገጠ። ግትሬ እህቷ ቤት ስትደርስ ገበታው ቀርቧል፤ ሰሃን ግን አንድ ጎድሏል።

«እትዬ፣ የኔ ሰሃንስ?»

«ሚስማርሽን ብዪ!»

ልጆቹ ሊስቁ አሉና የእናታቸውን ፊት አይተው ተዉት። እህትየው ወደ ጓዳ ላከቻቸው።

«ትንሿ ልጄ ስልክ ነው የምትስመው፣ ታውቂያለሽ አይደል? አባትሽ የታለ ስትያት ስልኩን ነው የምታሳይሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ ምድሪቱ መቼ ነው የምትንቀሳቀሰው?»

«አላውቅም። ነገ ሊሆን ይችላል፣ ከሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል።»

«ሺህ ዓመት! ለሺህ ዓመት ነገር ነው ባሌን የምታስቀሪብኝ?»

«ነገም ብያለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«አንቺማ ተምረሽ ወጣሽ! ቢመጣም ባይመጣም ደሞዝሽ አይቀርብሽም። እኛ ነን እዚህ የምንቀረው።»

ይሄኛው ቃል ግትሬን ወጋት፤ ውሸት አልነበረበትምና። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ የምትቀሩት እናንተ ስለሆናችሁ ነው» አለች። «የነፋስ ማመንጫ ቢሆን ቢሰበር ይጠገናል እል ነበር። ይሄ ከተሰበረ ግን ቤትሽን ቆልፈሽ ትወጫለሽ፤ ከዚያ ቁልፉን ይዘሽ ታረጃለሽ እንጂ ተመልሰሽ አትከፍችውም።»

እህትየው ገበታውን ማንሳት ጀመረች። «ነገ ገምጋሚዎቹ ሳይመጡ ንቀይው። ካልነቀልሽው ከዚህ ቤት እህት የለሽም።»

ግትሬ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ «እሺ» ማለት አምሯት አያውቅም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የሠራቻት፣ ትምህርት ቤት ስትደባደብ ሄዳ የተደባደበችላት ይቺው ናት። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «አልነቅለውም» ነው። ሻንጣዋን አንስታ ወጣች፤ እያለቀሰች ነበር የወጣችው፣ መንገድ ላይ ያገኛትም ሁሉ አይቷታል፣ አልደበቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቀይ ሚስማር የለም። ነጩም የለም። ስካቫተሩ የቦዩን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ፍቆት ሥራውን ጨርሶ ቆሟል።

«ግድግዳው ንጹሕ እንዲሆን ብለን ነው» አለ ኃላፊው። «እንግዶች እየመጡ አይደል። ሚስማርሽን ደግሞ ማንም አልነቀለብሽም፣ ማሽኑ ነው።»

ማሽኑ ነው! እንዲህ ያለ ምክንያት የሚያመጣ ሰው ሌባ ገባብኝ ለሚለው ጎረቤቱም «በሩ ነው» ሳይል አይቀርም። የግትሬ ዓይን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ኃላፊው የሠራውን ስህተት ከኮንክሪት ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። የምድር ስብራት እንደ ልስን ስንጥቅ ላይ ላዩን የተጫረ አይደለም፤ እንደ ቢላዋ ስለት ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ በፋቁት ቁጥር ይከተላል። ትናንት አቧራ ለብሶ የደበዘዘው ጥቁር የጭቃ ንብርብር ዛሬ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል። ቀጥ ብሎ ይመጣና መሐል ላይ ሲደርስ ድንገት ተቆርጦ አንድ ስንዝር ይወርዳል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል።

የገምጋሚዎቹ መኪና ሲደርስ ግማሹ ከተማ ቦዩን ከቦ ቆሟል። ከኋላ እጇን አጣጥፋ እህቷ አለች። የግትሬ መዶሻና ሚስማር ያለበት ሣጥን ተቆልፎባታል፤ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው። እሷ ግን ከተፋቀው የአፈር ክምር ውስጥ በእጇ ትምስ ጀመር፤ ቀይ ጨርቅ ያላቸውን ሚስማሮች እየለቀመች ደንጋይ አነሳችና መሰላሉን ወረደች።

«ውጪ!» አለ አንዱ ከላይ።

«ማን ላከሽ? ከማን ጋር ተስማማሽ?»

«የገዛ አገሯን ሰው! ይቺ ናት እንግዲህ ልጃችን!»

ግትሬ ቀና አለች። «አዎ፣ ልጃችሁ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ልጃችሁ ባልሆን ነቅዬው እሄድ ነበር!»

ሚስማሩን ስብራቱ ላይ አስደግፋ በደንጋይ መታችው። ደንጋዩ ለአንድ እጅ ከብዷት ሚስማሩ ተጣመመና ወደቀ። ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ወደቀ። ያን ጊዜ መሰላሉ ሲንቋቋ ተሰማ፤ እህቷ ነበረች፣ ቀሚሷን ሰብስባ እየወረደች።

«ነይ ውጪ» አለቻት ክንዷን ይዛ። «በሰው ፊት አታዋርጂኝ። በቃ!»

«እትዬ፣ አንዴ እጅሽን ስጪኝ።»

እጇን እስክትሰጣት አልጠበቀችም፤ ወስዳ ጥቁሩ ንብርብር ላይ አኖረችው። እህትየው ልትነጥቃት ፈለገች፤ ጭቃው ግን ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፣ ጣቷም ሳታዝዘው ተከተለው። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ጭቃው ከጣቷ ሥር ጠፋ። ፈለገችው፤ ስንዝር ዝቅ ብሎ አገኘችው። እጇን አንድ ጊዜ ላይኛው ላይ፣ አንድ ጊዜ ታችኛው ላይ አደረገች፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ስታደርግ ቆየች።

«ይሄ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ይሄ ነው።»

«ማመንጫውን ከላዩ ላይ ነው ሊያስቀምጡት?»

«ልክ ከላዩ ላይ።»

እህትየው ወደ ላይ አየች። ትንሿ ልጇ የጎረቤት እጅ ይዛ ከቦዩ አፍ ቁልቁል ታያታለች፤ በሌላኛው እጇ ስልኩን ጨብጣለች። የእህትየው ዓይን እንባ ሞላ፣ አልጠረገችውም። የምትሰናበተውን ታውቀዋለች፤ ጣሪያ የማይለብሱት ሁለት ክፍሎችና ቤቱ የማያድረው ባሏ ናቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ሚስማር አነሳች፣ ስብራቱ ላይ ቀጥ አድርጋ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ምቺ» አለች። «ጣቴን ብትመቺኝ ግን ወዮልሽ!»

ግትሬ መታች። ሚስማሩ ገባ። ሌላ ያዘችላት፣ ሌላ መታች። ላይ የሚስቅ አልነበረም።

«እመቤት፣ ይውጡ!» አለ ኃላፊው። «እርስዎን አይመለከትም!»

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ዝምተኛ ሴት፣ ኃላፊውን አልፋ በመሰላሉ ወረደች። ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ አየችው፤ ንብርብሩን፣ የሚስማሩን መስመር፣ የሁለቱን ሴቶች ጭቃ የነካ እጅ። ከዚያ እንደ ሙያው ሕግ ጣቷን ቀስራ ጠየቀች።

«ይሄ ቀይ ሚስማር የማን ነው?»

ግትሬ አፏን ከፈተች፤ እህቷ ግን ቀደመቻት።

«የኔ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ላይ ላሉት ሁሉ እስኪሰማ። «እነቅላለሁ የሚል ካለ ይውረድ!»