ሲኔቫ የተኛችበት ፈተና

በእኛ ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞችን የምንጠብቀው ጡረተኞች ነን። ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ ተማሪው ከሰባት መቶ አይበልጥም፤ በምዕራብ ኖርዌይ፣ ፊዮርድ በሚባለው ጠባብ የባሕር ክንድ ዳር፣ ከበግ ግጦሽ ጋር አጥር ተጋርቶ የተቀመጠ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አርባ ዓመት መኪና በሚያሻግር መርከብ ላይ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ የጠባቂዎቹ አለቃ ጉድቬይግ መጣችና፣ ቶርላይቭ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት ትችላለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ የተሻለ ችሎታ ስለሌለኝ ገባሁበት።

ሥራው ከባድ አይደለም። ፈተናው የሚሰጠው ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ስለሆነ፣ ወለሉ እንዳይጮህ በካልሲ ነው የምንሄደው። ሹራብ መሥራትም ይፈቀዳል፣ መርፌው የእንጨት ከሆነ። ተማሪ እጁን ካላወጣ አናናግረውም። እዚያ ውስጥ ማንም ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ግን የግማሾቹን አያቶች ሳይቀር አውቃለሁ።

ቁጥር አርባ አንድ ሲኔቫ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ። የምታጠናው መምህርነት ነው፤ ሒሳብ ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ እሱንም ከወደቀች ትሰናበታለች፣ የሦስት ዓመት ልፋቷም ገደል ይገባል። ፈተናው ደግሞ በግንቦት፣ በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን ነው። ይህን ቀን የመረጠው ሰው በግ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አባቷ ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ስለተኛ፣ ዘጠና እናት በግ ብቻዋን ስታዋልድ ሰንብታለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ የሚያልቀው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሲኔቫ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ መጥታ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀና ሳትል ጻፈች፣ ደስ አለኝ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ራሷ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አለ። እያሰበች መስሎኝ ነበር፤ ሒሳብ መቼም ያሳስባል። ከዚያ እርሳሷ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ለጉድቬይግ በጆሮዋ ነገርኳት። መመሪያውን አውጥታ አገላበጠችው። ስለ ስልክ ይላል፣ ስለ ሽንት ቤት ይላል፣ ስለ እሳት አደጋ ሁለት ገጽ ሙሉ ይላል፤ ስለ እንቅልፍ አንድም ቃል የለውም። እንቀስቅሳት አልኩ። ጉድቬይግ አመነታች። አንዷን ረዳችሁ ብሎ ሌላው ቅሬታ ቢያስገባ፣ ፈተናው እንዳለ ይሰረዝባታል ብላ ሰጋች። የፈራችው ለልጅቷ አስባ ስለሆነ ልፈርድባት አልችልም። ለፈተና ቢሮው መልእክት ላከች፣ ቢሮው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር።

በረድፎቹ መካከል ተመላለስኩ። ሆን ብዬ ሳልኩ፣ አንዱ ልጅ ገላመጠኝ። ፔርሙሴን ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጌ ሳስቀምጠው ሃያ ሰው ቀና አለ፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ጉንጯ መልስ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፤ ጣቶቿ የግልገሎቹን እትብት በምትቀባበት አዮዲን ብጫ ሆነዋል። እጄ ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ አንድ ጋት ቢቀረው ነው። አርባ ዓመት በማዕበል ውስጥ መኪና ከመርከብ ጋር ሳስር የኖርኩ ሰውዬ፣ አንዲት ልጅ በጣቴ መንካት አቃተኝ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

መልሱ የመጣው ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። ጉድቬይግ አነበበችውና ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። መቀስቀስን የሚከለክል ነገር የለም፣ ይላል። ካልሲው እያንሸራተተኝ ሮጬ ትከሻዋን ነካሁ። ቀና አለችና መጀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት፣ ቀጥላ እኔን አየች። እርሳሷን ከወለሉ አንስታ፣ ጊዜው እስኪያልቅ ጻፈች።

ውጭ፣ ብስክሌቶቹ ጋ ጠበቅኳት።

"ሦስት ጥያቄ ነው የሠራሁት" አለች። "ለማለፍ አምስት ያስፈልጋል።"

"ምናልባት አራሚው አይቶ..."

"ተው ቶርላይቭ። መቁጠርስ አያቅተኝም።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያየኸኝ?"

መዋሸት አምሮኝ ነበር። "ከአራት ሰዓት ተኩል" አልኳት።

"እኔም ብሆን አልቀሰቅስህም ነበር" አለች። "ሰው መረበሽ ደስ አይለኝም።"

ልታጽናናኝ ብላ ነው። ግን እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በረት ስትገባና ስትወጣ በመስኮቴ አያት ነበር። ከቸገራት ትጠራኛለች እያልኩ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ደግሞ እኔን ላለማስቸገር ብላ ሳትጠራኝ ቀረች። ሁለታችንም ጨዋ ነን፣ ጨዋነታችን ግን ልጅቷን በላት።

አሁን እንኳ ልበለው ብዬ፣ "ዛሬ መጥቼ በጎቹን ላግዝሽ" አልኩ።

የብስክሌቷን ቁልፍ እየፈታች፣ "አልቋል እኮ" አለችኝ። "የመጨረሻዋ ዛሬ ጠዋት ወለደች።"